በዘፈን ውስጥ ያለው ሰው

መርካቶ ውስጥ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ደወልና የታላቁ አንዋር መስጊድ አዛን ለአንድ ሰፈር ይሰማሉ። ሁለቱ የአምልኮ ቤቶች ጎረቤታሞች ናቸው። በዙሪያቸው ባለው ገበያ ደግሞ አንዱ ሱቅ መዝሙር፣ አንዱ መንዙማ፣ አንዱ ዘፈን ከፍቶ ይውላል። እዚህ ያደገ ልጅ ጊታር ሲያነሳ፣ ከጓደኞቹ ጋር ባንድ ላቋቁም ሲል ወይም የራሱን ግጥም መሞነጫጨር ሲጀምር፣ ከቤተሰቡ የሚገጥመው ጥያቄ የገንዘብ ብቻ አይደለም። “ኃጢአት አይደለም ወይ?” “ሐራም አይደለም ወይ?” የሚለውም አብሮ ይመጣል።

ጥያቄው በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በላከው መልእክት፣ በምዕራፍ 5፣ የሥጋ ሥራ ተብለው ከተቆጠሩት መካከል ዘፋኝነት አለበት። የእስልምና ሊቃውንትም በዜማና በዜማ መሣሪያ ላይ ለዘመናት ተከራክረዋል። ይህን ጥያቄ በሕይወታቸው የመለሱ ድምፃውያንም አሉ። ሙሉቀን መለሰ በወጣትነቱ አገር ያወቀው ዘፋኝ ሆኖ ሳለ የወንጌል እምነት ሲቀበል ዘፈኑን እርግፍ አድርጎ ተወ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ እስካረፈበት ቀን ድረስም ወደ ቀድሞ ሙያው አልተመለሰም። ሂሩት በቀለም ከዓለማዊ ዘፈን ወደ መዝሙር ተሻግራለች። ውሳኔያቸው ክብር ይገባዋል።

ከዚህ ጥያቄ ሥር ግን ሌላ፣ ብዙም የማይነሳ ጥያቄ አለ። ዘፈን ከባዶ አይፈጠርም። አንዲት ሴት ፍቅረኛዋን ጥላ ከሄደች፣ አንድ ወንድም ከተሰደደ፣ አንድ ሱቅ ከተቃጠለ፣ አንድ እናት ልጇን ከቀበረች በኋላ ይወለዳል። ደራሲው ስሙን ያስጽፋል፤ ድምፃዊው ይጨበጨብለታል። ያ በዘፈኑ ውስጥ ያለው ሰውስ? ሕይወቱ ግጥም የሆነበት፣ እንባው ዜማ የሆነበት ሰው ከዘፋኙ ምን ይጠብቃል? የዘፈን ጽድቅና ኃጢአት የሚመዘንበት አንዱ ሚዛን እዚህ ጋ መሆን አለበት፤ ዘፈኑ በውስጡ ላለው ሰው ምን አደረገለት፣ ምንስ አደረገበት?

ለዚህ ጥያቄ መርካቶ ጥሩ መነሻ ነው። ከኢትዮጵያ ታላላቅ ድምፃውያን አንዱ ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1941 የተወለደው እዚሁ ሰፈር ነው። ከጉራጌ ቤተሰብ የመጣው ማሕሙድ ሊስትሮ ሆኖ ጫማ ጠርጓል፤ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠም። በኋላ አሪዞና በሚባለው የምሽት ክለብ ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ። ክለቡ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከሥራ በኋላ የሚያመሹበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 አንድ ምሽት ድምፃዊያቸው ሳይመጣ ሲቀር ይህ ተላላኪ “እኔ ልሞክር” አለ። ከዚያ በኋላ እስከ አብዮቱ ዘመን ድረስ የክቡር ዘበኛ ድምፃዊ ሆኖ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራው “ኧረ መላ መላ” በከይፋ ሸክላ ቤት ታተመ፤ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ በአውሮፓ እንደገና ወጥቶ የውጭውን ዓለም ጆሮ ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ከከፈቱት ሥራዎች አንዱ ሆነ።

ማሕሙድ ሲያንጎራጉር የሚሰማው የአንድ ሰው ፍቅር ብቻ አይደለም። አድማጩ የራሱን ያገኝበታል። ጫማ የጠረገ ልጅ ከታች ወደ ላይ ቀና ብሎ የሰውን ፊት አይቷል፤ ማን እንደከፋው፣ ማን እንደተቸገረ ያውቃል። ያንን ሁሉ ግን በስም አልጠራም። የሰውን ጉዳት ተሸክሞ ባለቤቱን ሳያጋልጥ ማዜም ከችሎታ በላይ የሆነ ነገር ይጠይቃል። አማርኛ ለዚህ አደራ የሚል ቃል አለው።

መርካቶ ቆሞ የሚሄደው በአደራ ነው። አንዱ ነጋዴ ሱቁን ለጎረቤቱ ትቶ ሶላት ወይም ቅዳሴ ይሄዳል፤ ከክፍለ ሀገር የመጣው ዕቃ በቃል ብቻ ይረከባል፤ የእቁቡ ብር በአንድ ሰው እጅ ያድራል። አደራ የተቀበለ ሰው የያዘው ነገር የእሱ እንዳልሆነ ያውቃል። ሊጠቀምበት፣ ሊሸጠውም ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ሒሳብ የሚያወራርደው ከባለቤቱ ጋር ነው። ከእውነተኛ ሕይወት የተቀዳ ዘፈንም ከዚህ የተለየ ሕግ የለውም።

ይህ አስተሳሰብ ከመጻሕፍትም ይመነጫል። ኢትዮጵያውያን ምእመናን በየዕለቱ የሚደግሙት መዝሙረ ዳዊት አንዳንድ መዝሙሮቹን የሚጀምረው ከዘፈኑ ጀርባ ያለውን ታሪክ በመናገር ነው። አንዱ ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ፊት በሸሸ ጊዜ የተዘመረ እንደሆነ ይነገረናል፤ ሌላው ከሳኦል ሸሽቶ በዋሻ ሳለ። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር 50ኛው መዝሙር ደግሞ ነቢዩ ናታን ስለ ቤርሳቤህ ሊገሥጸው በመጣ ጊዜ የተደረሰ ነው። ይህ የንስሐ መዝሙር ስንቱን ምእመን እንዳስለቀሰ እግዚአብሔር ይቁጠረው። ባለታሪኩ ዳዊት ነው፤ ያለቀሰውም የተማረውም እሱ ነው።

ኦርዮ ግን የለበትም። የቤርሳቤህ ባል ኬጢያዊው ኦርዮ በመዝሙሩ ግጥም ውስጥ በስም አልተጠራም። በሁለተኛው የሳሙኤል መጽሐፍ ምዕራፍ 11 ላይ እንደተጻፈው ንጉሡ ኦርዮ በጦርነቱ ግንባር እንዲሞት የሚያዝ ደብዳቤ ጽፎ በራሱ በኦርዮ እጅ ላከው። ኦርዮም የሞቱን ፍርድ ተሸክሞ ለአዛዡ ለኢዮአብ አደረሰ። አደራ በላ ንጉሥና አደራ ጠባቂ ወታደር በአንድ ደብዳቤ ተገናኙ። ዳዊት ንስሐ ሲገባ የዘመረው መዝሙር ከዓለም መዝሙሮች ሁሉ ከሚወደዱት አንዱ ሆነ፤ ለሟቹ ግን ዝማሬ አልወጣለትም።

መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ይህን ጉድለት ዝም ብሎ አላለፈውም። የዳዊት ኃያላን ስም በተዘረዘረበት በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 23 የመጨረሻው ስም የኦርዮ ነው። ማቴዎስም በወንጌሉ የክርስቶስን የትውልድ ሐረግ ሲቆጥር ሰሎሞንን የወለደችውን ሴት በራሷ ስም ሳይጠራ የኦርዮ ሚስት እንደነበረች ጻፈ። ዘማሪው የተወውን ስም ታሪክ ጸሐፊው ጠበቀው። በዘፈን ውስጥ ስላለው ሰው ለሚያስብ ሁሉ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ልብ የሚነካ ዘፈን እንኳ የተበደለውን ትቶ የበዳዩን ጸጸት ብቻ ሊያሰማ ይችላል።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ሌላ መንገድም ይወጣል፤ እሱም የናታን መንገድ ነው። ነቢዩ ለንጉሡ እውነቱን ሲነግረው በቀጥታ አልጀመረም። አንዲት በግ ብቻ ስለነበረችው ድሃና ብዙ መንጋ ስላለው ባለጠጋ ተረከለት። ንጉሡ በባለጠጋው ላይ ሲቆጣ ያን ጊዜ ነው ናታን ያ ሰው አንተ ነህ ያለው። የኢትዮጵያ የቅኔ መምህራን ለዘመናት ያስተማሩት ሰምና ወርቅ ከዚህ ጋር ዝምድና አለው። ሰሙ ሰውን ይሸፍናል፤ ወርቁ ድርጊቱን ይገልጣል። ሰምና ወርቅ ብዙ ጊዜ የብልሃት ማሳያ ተደርጎ ይወደሳል፤ ከሥነ ምግባር አንጻር ሲታይ ግን የተጎዳን ሰው ሳያዋርዱ እውነት የሚናገሩበት መንገድ ነው።

እስልምናም በዚህ ጉዳይ ላይ ጥልቅ ነገር አለው። በቁርኣን 26ኛው ምዕራፍ፣ በገጣሚዎች ስም በተሰየመው ሱራ መጨረሻ ላይ፣ በየሸለቆው የሚባዝኑና የማይሠሩትን የሚናገሩ ገጣሚዎች ይወቀሳሉ። ወቀሳው ግን በዚያ አያበቃም፤ ያመኑና መልካም የሠሩ፣ አላህን አብዝተው ያወሱ፣ ከተበደሉም በኋላ ራሳቸውን የተከላከሉ ከወቀሳው ወጥተዋል። የተበደለ ሰው ድምፅ በዚህ ውስጥ ቦታ አግኝቷል ማለት ነው። በሌላ በኩል በሰሒሕ ሙስሊም የተዘገበ ሐዲስ ሐሜትን ሲያብራራ ወንድምህን በሌለበት በሚጠላው ነገር ማንሳት ነው ይላል፤ የተባለው እውነት ከሆነ ሐሜት፣ ሐሰት ከሆነ ደግሞ ቅጥፈት ይሆናል። ለዘፋኝ ይህ ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው። “እውነተኛ ታሪክ ነው” ማለት ብቻውን ነፃ አያወጣም፤ እውነቱ ራሱ ሐሜት ሊሆን ይችላል።

ሁለቱን አንድ ላይ ላየ ሰው መስመሩ ይታየዋል። የተበደለ ስለ በደሉ ቢዘፍን ድምፁ መብቱ ነው። ሌላው ግን የጎረቤቱን ገመና አንስቶ ገበያ ላይ ሲያወጣ ተጠያቂ ነው። መርካቶ ውስጥ ለተሰባሰቡ አማተር የባንድ ልጆች ይህ መስመር ከማንኛውም የሙዚቃ ትምህርት ይቀድማል።

የዘፈን እውነት ምን ያህል እንደሚያስፈራ ኃያላን ያውቃሉ። የዛሬው መርካቶ የተቆረቆረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ወራሪው አስተዳደር አዲስ አበባን በዘር ከፋፍሎ ለነጮችና ለአገሬው ለየብቻ ሲያቅድ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው። ያው አስተዳደር የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ፣ ሕዝቡን ከጨፈጨፈ በኋላም፣ ጠንቋዮችንና ባሕታውያንን፣ ከእነሱም ጋር አዝማሪዎችን እያደነ ገደለ። መሰንቆ ይዞ የሚዞር ሰው መሣሪያ አልታጠቀም፤ የሆነውን ግን ከመንደር ወደ መንደር ያደርሳል። ያየውን ስለተናገረ ሞተ። አዝማሪ ብዙ ጊዜ በማኅበረሰባችን ሲናቅ ኖሯል፤ በዚያ ዓመት ግን የሕዝብን አደራ በነፍሱ ከፍሏል።

ከዚያ በኋላ የመጡትም የራሳቸውን ዋጋ ከፈሉ። ሶል ኤኮስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከመንግሥት ኦርኬስትራዎች ውጭ ራሳቸውን ችለው ከተነሱት ቀደምት ባንዶች አንዱ ነበር። ድምፃዊው ተሾመ ምትኩ “ጋራ ሥር ነው ቤትሽ”ን ካስደመጠ በኋላ ፖለቲካዊ ጫና በርትቶበት እ.ኤ.አ. በ1970 አገር ለቀቀ፤ ኑሮውንም በስዊድን አደረገ። የጥቁር አንበሳ ባንዱ አያሌው መስፍን ደግሞ በደርግ ዘመን ዘፈኑን በካሴት ለሕዝብ በነፃ አደለ፤ በዚህም ታሰረ። ከባንዱ ጋር የሮክን ሻካራ ድምፅ ከአገር ቤት ቅኝት ጋር ያጋጠመ ይህ ሰው ዘፈኑን ሳይሸጥ መስጠቱ ትርጉም አለው፤ የሕዝብን ብሶት ተበድሮ የዘፈነ ለሕዝቡ መለሰለት።

የአደራ መጉደል ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ ወደ ዓለም ሮክ መድረክ መሄድ ይገባል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1984 የብሪታንያና የአየርላንድ ዘፋኞች በቦብ ጌልዶፍና በሚጅ ዩር አስተባባሪነት ስለ ኢትዮጵያ ረሃብ ባንድ ኤይድ በሚል ስም አንድ ዘፈን ቀረጹ። ሚሊዮኖች ፓውንድ ተሰበሰበ፤ እህል ተገዛ፤ ነፍስም ዳነ። ይህን መካድ ግፍ ነው። የዘፈኑ ርዕስ ግን የተራቡት ሰዎች የገና በዓል መሆኑን ያውቁ እንደሆን ይጠይቃል። ከአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ክርስትናን የያዘች አገር፣ ላሊበላን ከአለት የፈለፈለች፣ ገናን በሌሊት ዝማሬ የምታከብር አገር ሕዝብ ነው በዚህ የተጠየቀው። በዘፈኑ ውስጥ ያለው ሰው ስምም ሃይማኖትም ተነፈገ።

በሐምሌ 1985 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ረሃብ በተካሄደው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ደግሞ ትግራይ ውስጥ ልትሞት የተቃረበች የአንዲት ሕፃን ምስል ዘ ካርስ የተባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ ስለ ሌላ ጉዳይ በዘፈነው ዘፈን ታጅቦ ለዓለም ታየ። ልጅቷ ብርሃን ወልዱ ትባላለች። አልሞተችም፤ አድጋ ተምራ እ.ኤ.አ. በ2005 ለንደን ሃይድ ፓርክ በተደረገው ላይቭ 8 መድረክ ላይ ቆመች። ለዓመታት ብዙው ዓለም ፊቷን እንጂ ስሟን አያውቅም ነበር። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ መጠቀም አይገባም ሲል፣ ሰው ራሱ ፍጻሜ ነውና እንደ ፍጻሜ ይታይ ማለቱ ነበር። የሰው ስቃይ ለመልካም ዓላማም ቢሆን መሣሪያ ብቻ ሲሆን አንድ ነገር ይጎድላል።

በሌላ ወገን ጥላሁን ገሠሠ በ“ዋይ ዋይ ሲሉ” የረሃብን ሰቆቃ ሲያሰማ የተለየ ነገር ይሰማል። ቋንቋው የተራበው ሰው ቋንቋ ነው፤ ዘፋኙም አድማጩም ከተራበው ጋር በአንድ ቤት ተቀምጠዋል። ሐዘኑ ሩቅ ሆኖ የሚታይ ትርዒት አይደለም፤ ለቅሶ ነው፤ ለቅሶ ደግሞ አብሮ የሚቀመጡበት ነገር ነው።

የውጭ አገር ሰው ሁልጊዜ ይስታል ማለትም አይደለም። ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ የፓንክ ሮክ ባንድ ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን የሚጫወተውን ጌታቸው መኩሪያን አግኝቶ አብሮት መድረክ ላይ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2006ም “ሞአ አንበሳ” የተሰኘውን አልበም አብረው አሳተሙ። እነሱ የሱን ዜማ አጠኑ፤ ስሙን ከፊት አስቀመጡ። ሽለላው የማን እንደሆነ ማንም አልተደናገረም። ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲያርፍ ከዘመናት በፊት የጀመረው ሥራ አዲስ ትውልድ አድማጭ አግኝቶ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። ዘፋኝ ስለ ሰው ሁሉ ፈቃድ ይጠይቅ ከተባለ ዘፈን የሚባል ነገር ይቀራል። ጨቋኝ ይዘፈንብኝ ብሎ አይፈቅድም፤ ከዳተኛም እንዲሁ። አዝማሪ ፈቃድ ቢጠይቅ ኖሮ ግራዚያኒ ባልፈራው። ተቃውሞው እውነት አለው። ለዚህም ነው መስመሩ በኃያሉና በደካማው መካከል መሰመር ያለበት። ኃያሉን በስም መጥራት የናታን ሥራ ነው፤ ደካማውን በስም መጥራት ግን ከባድ ምክንያትና የራሱን ይሁንታ ይጠይቃል። የንጉሥን ኃጢአት መንገር ትንቢት ነው፤ የጎረቤትን ገመና መዘክዘክ ሐሜት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በዜማው ማማር ወይም አለማማር አይለካም።

ሌላም ጥያቄ አለ። ሙሉቀን ዘፈኑን ሲተው ዘፈኖቹ አብረውት አልሄዱም፤ ዛሬም በየታክሲው፣ በየሠርጉ ይሰማሉ። አደራውን ለባለቤቱ ያስረከበ ሰው ዕቃውን መልሶ መውሰድ እንደማይችል ሁሉ ዘፋኝም ሕዝብ የተረከበውን ዜማ ሊያስመልስ አይችልም። ድምፁን ማቆም ግን ይችላል፤ አቆመም። ዘፈኑ ከተለቀቀ በኋላ የማይመለስ ከሆነ ኃላፊነቱ ሁሉ የሚወድቀው ከመለቀቁ በፊት ባለው ጊዜ ላይ ነው።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ለጀማሪ ባንዶች አስቸኳይ ነው። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 “ኤርታሌ”ን ይዞ ሲመጣ ሮክ በአማርኛ ትልቅ መድረክ ላይ ሊቆም እንደሚችል አሳየ። አብዱ ኪያር ደግሞ “መርካቶ ሰፈሬ” ሲል የሰፈር ልጅ ሰፈሩን በኩራት ሊዘፍን እንደሚችል አስመሰከረ። ዛሬ አንድ ስልክ ቀረጻም ስርጭትም ይችላል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. የመርካቶው ሸማ ተራ በእሳት ሲጋይ የነጋዴዎች የዘመናት ድካም በአንድ ሌሊት ወደመ፤ የሚቃጠለው ሱቅ ቪዲዮም ወዲያው በየስልኩ ተሰራጨ። ስለዚያ ሌሊት ዘፈን ሊጻፍ ይገባል። የሚጽፈው ልጅ ግን ሱቁ ፊት ቆሞ ያለቀሰውን ሰው ስም፣ ፊትና ድምፅ ለዘፈኑ ማሟሻ ከማድረጉ በፊት ማሰብ አለበት።

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ላይ ብዙ አይረዳውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ የግጥምና የዜማ ደራሲን፣ ተጫዋቹንና አሳታሚውን ይጠብቃል። ሕይወቱ ዘፈን የሆነበት ሰው በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ ክፍተቱን መሙላት የባንዱ የራሱ ሥራ ነው፤ የሚቻልም ነው። ልምምዱ አልቆ ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ዘፈኑ ለዚያ ሰው ይሰማ። በአካል ሄዶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ግጥሙን አንብቦለት፣ የሚያሳፍረው ስንኝ ካለ ተነስቶ፣ ስሙ እንዲቀር ከፈለገ ቀርቶ፣ እንዲጠራ ከፈለገም ከደራሲው ስም ጎን ተጽፎ። ገንዘብ ከመጣ ድርሻ ይኑረው። ይህን ያደረገ ባንድ ከቤተሰቡ “ኃጢአት አይደለም ወይ?” ወይም “ሐራም አይደለም ወይ?” ተብሎ ሲጠየቅ ቢያንስ አንድ የሚናገረው ነገር ይኖረዋል፤ ያ ሰው ዘፈኑን ሰምቶት እንደነበረና ምን እንዳለ።